ገበቴው፣ ሸክሙና የባሮ አሸዋ

ነገሩ የተጀመረው በዶርም ክርክር ነው። ከመካከላችን አንዱ የማታር ልጅ ነው። በበጋ የባሮ ውሃ ሲጎድል በወንዙ ዳር የሚወጣውን አሸዋ ያስታውስና፣ «ዲማ ላይ ስንቱ ወርቅ እያጠበ ሲኖር እኛ ከወንዝ ዳር ተቀምጠን ምን አነሰን?» ይላል። ለመጪው ዕረፍት ከአጎቱ ጋር ሊሞክሩት ተስማምተዋል። አጎትየው ታንኳ አላቸው። እሱ ደግሞ የብረት ሳህን፣ አካፋና የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊገዛ አስቧል። ለሞተሩ ግን ገንዘቡ አልደረሰምና አጎቱ አንዲት ላም ሊሸጡለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ላም ለኑዌር ቤተሰብ እንዲሁ የሥጋና የወተት ጉዳይ አይደለም። ጥሎሽ ናት፣ ዕርቅ ናት፣ የክፉ ቀን መጠጊያ ናት። ስለዚህ «የትኛውን ሳህን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ የቀልድ አይደለም። እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ እንጂ የማዕድን መሐንዲስ አይደለሁም። ታሪክ ግን ስለ ወርቅ የሚነግረን ስለ ነገሥታቱ ካዝና ብቻ አይደለም። ገበቴውን ስለ ያዘው እጅና ሸክሙን ስለ ተሸከመው ጀርባም ይናገራል፤ ጠያቂ ካገኘ።

ከሩቁ እንጀምር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አክሱም መጥቶ የሰማውን ጽፏል። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎችን ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ይልክ ነበር። ከ500 በላይ ሆነው ይሄዳሉ፤ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው። እዚያ ሲደርሱ እሾህ ያጥራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። ያገሬው ሰው መጥቶ በሚፈልገው ዕቃ ላይ ወርቅ ያስቀምጣል። ባለዕቃው ከበቃው ወርቁን ያነሣል፤ ካልበቃው ይተወዋል፣ ያገሬው ሰው እስኪጨምር ወይም የራሱን ይዞ እስኪሄድ። አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ገበያው ይፈታል። ጉዞው ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር። ሲመለሱ ክረምቱ እንዳይዛቸው ይጣደፋሉ።

ይኽን ወሬ ስንማር ሁላችንም የምንደነቀው በዝምታው ንግድ ነው። እኔን የገረመኝ ግን የጭነቱ አመራረጥ ነው። ከጭነቱ ዋናው በሬው ነበር፤ በሬ ደግሞ በራሱ እግር የሚሄድ ጭነት ነው። ሲመለሱ የሚይዙት ወርቅ ነው፤ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ከዝናብ በፊት መድረስም የሒሳቡ ክፍል ነበር። ያ ነጋዴ የወርቅ ትርፍ በመንገድ ላይ እንደሚያልቅ በደንብ ገብቶታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ገበቴው እንምጣ። የወርቅ ማጠቢያ ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ክብደት። ወርቅ ከእኩል መጠን ውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ተራው ነጭ አሸዋ ግን ከ3 እጥፍ ያነሰ ነው። ማግኔት የሚስበው ጥቁር አሸዋ ደግሞ 5 እጥፍ ገደማ ነው። ውሃ ውስጥ ሲወዘወዝ ነጩ ይፈሳል፣ ጥቁሩ ይዘገያል፣ ወርቁ ከሥር ይቀራል። ይኽን ለማድረግ ሥራ የሚያውቅ እጅና ጎድጎድ ያለ ዕቃ ይበቃል። የምዕራብ ኢትዮጵያ ወርቅ አጣቢ ከእንጨት የተፈለፈለ ገበቴ ይዞ የኖረው ብረት አጥቶ ብቻ አይደለም። እንጨት ቀላል ነው፣ የውስጡ ሻካራነት ደቃቁን ወርቅ ይይዛል፣ ቢሰነጠቅ እዚያው ሌላ ይፈለፈላል።

የብረት ሳህን ጠንካራ ነው፤ በእሳት ላይ አግሎ ቅባቱን ማቃጠልም ይቻላል። ግን ይዝጋል፣ ከባድ ነው፣ ማግኔት ራሱን ሳህኑን ስለሚይዘው ጥቁሩን አሸዋ ለመለየት ያስቸግራል። ዛሬ የሚሸጠው የፕላስቲክ ሳህን ቀላል ነው፤ በጎኑ ወርቁን የሚያግቱ ጎድጎዶች አሉት፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ስለሆነ ቢጫዋ ብናኝ ጎልታ ትታያለች። የትኛውም ቢሆን አንድ ሕግ አለ፤ ቅባት አይንካው። ቅባት የነካው ደቃቅ ወርቅ ውሃ ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። ስለዚህ እናትህ ሊጥ የሚያቦኩበትን ገበቴ ይዘህ እንዳትሄድ! ወርቁንም ታጣለህ፣ እናትህንም ታስቆጣለህ።

ወርቁን የፈለጉ ኃያላን ግን ገበቴውን ንቀው ነው የመጡት። የግብፁ መሐመድ ዓሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት፣ ከሚያስመኙት ነገሮች አንዱ የፋዞግሊና የቤኒ ሻንጉል ወርቅ ነበር። ኦስትሪያዊውን ሩሴገርን፣ በኋላም በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ሩሲያዊውን ኮቫሌቭስኪን አስመጥቶ አስጠንቷል። እሱ ራሱ በስተርጅናው እስከ ፋዞግሊ ድረስ ወርዷል። ያሰበውን ያህል ወርቅ ግን አላገኘም። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር ቤኒ ሻንጉልን ለምኒልክ መንግሥት ካስገባ በኋላ ወርቁ በግብር መልክ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ ጀመር። ግብሩን የሚያስገባው ሼኽ ስሙ ተጽፏል። ወርቁን ከጅረት ያጠበው ሰው ስም ግን የትም የለም።

ወደ ባሮ ስንመጣ ታሪኩ የሸክም ታሪክ ይሆናል። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምኒልክ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። በክረምት ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም በሶባትና በባሮ ሽቅብ ይመጣል፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። በበጋ ግን ወንዙ ይዘጋል። ከጋምቤላ በቡሬ በኩል ወደ ጎሬ ደጋ የሚወጣውን ዕቃ የሚያነሣው ደግሞ በቅሎና ሰው ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ አልቤርቶ ፕራሶ የተባለ ጣሊያናዊ ከወለጋ በብርብር ሸለቆ፣ ዩብዶ ላይ ፕላቲን አገኘ። ብርብር ማን ነው? ከገባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ባሮን የሚሠራው እኮ ነው! በሌላ በኩል የዲማው ወርቅ የሚታጠብበት የአኮቦ ወንዝ ወደ ፒቦር ይገባል። ፒቦርና ባሮ ደግሞ ከማታር በታች ተገናኝተው ሶባት ይሆናሉ። ጓደኛችን ይኽን ሲሰማ ከአልጋው ዘሎ ተነሣ። «አላልኳችሁም? የሁለቱም ውሃ ወደኛ ነው የሚመጣው!»

ውሃው መጣ ማለት ግን ወርቁ መጣ ማለት አይደለም። ጎሬ ከፍታው 2000 ሜትር ገደማ ነው፤ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ። ወንዙ ይኽን ሁሉ ተንደርድሮ ሲወርድ ድንጋይም ይገፋል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ያልቃል። መጀመሪያ ድንጋዩን ይጥላል፣ ከዚያ ጠጠሩን፣ ከዚያ ሻካራውን አሸዋ። ወርቅ ከሁሉም ከባድ ስለሆነ ከድንጋዩ ጋር ከላይ ይቀራል። ማታር ድረስ ወንዙ የሚያመጣው ጭቃና ደቃቅ አሸዋ ነው። ወርቅ ቢኖርበት እንኳ ከዱቄት የላመ ብናኝ ነው። ጭቃው ራሱ ሌባ ነው፤ ድብልብል ሆኖ ያለችውን ብናኝ ይዞ ከሳህኑ ይወጣል።

«የባሕር ዳር አሸዋ እየታጠበ ሰው ከበረ ሲባል ሰምቻለሁ» አለ። እውነት ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. በአላስካ፣ ኖም በምትባል ቦታ፣ ከባሕሩ ዳር አሸዋ ውስጥ ወርቅ ተገኘ። ሰዎች በአካፋና በሚወዛወዝ የእንጨት ሳጥን ብቻ በዚያ በጋ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ወርቅ አወጡ። ለምን ቀናቸው? ወርቁ ከላይ ነበር፣ ውሃው አጠገባቸው ነበር፣ ሸክም የሚባል ነገር አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በመርከብ እየጎረፉ መጡ፤ ብዙዎቹም በውድ የተገዛ ልዩ ልዩ ማሽን ይዘው። አሸዋው ግን አስቀድሞ ታጥቦ ነበር፣ ማሽኑም እዚያው ባሕር ዳር ዝጎ ቀረ። ላማቸውን ሸጠው ሞተር የገዙት እነሱ ናቸው ብንል አልተሳሳትንም።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። በ20 ሊትር ባልዲ የተሞላ እርጥብ አሸዋ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአንድ ቶን አሸዋ ውስጥ ግማሽ ግራም ወርቅ አለ ብንል፣ ያቺን ግማሽ ግራም ለማግኘት 25 ባልዲ መሸከም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፣ አሸዋውን ወደ ውሃ አትሸከም፤ ከውሃው አፍ ላይ ቆፍር። ሁለተኛው፣ መሸከም ግድ ከሆነ አስቀድመህ በወንፊት ንፋ፤ ጠጠር ተሸክመህ የምትጠቀመው የለም። ሦስተኛው፣ ታንኳ ካለ ከአህያም ከጀርባም ይሻላል፤ ግን የሚጫነው የታጠበው ጥቁር አሸዋ ብቻ ይሁን። አራተኛው፣ ሞተር ቤንዚን ይበላል፤ ቤንዚኑም ራሱ ሸክም ነው። አምስተኛው፣ «ሜርኩሪ ነካ አድርግበት» የሚልህን አትስማ። ያ መርዝ በእሳት ሲተን የሚተነፍሰው ሰው ነው፣ ሲፈስ የሚበላው ዓሣ ነው፣ ዓሣውን የሚበላው ደግሞ የማታር ልጅ ነው። ዓለምም ይኽን ለመግታት በ2013 እ.ኤ.አ. የሚናማታን ስምምነት አጽድቋል።

«ታዲያ አልሞክር ነው የምትለኝ?» አለኝ፤ ፊቱ ጠቁሮ። አይደለም። ሞክር፣ ግን በገበቴ ሞክር። ወንዙ ሲታጠፍ በውስጠኛው ጎን አሸዋ የሚያኖርበትን ቦታ ፈልግ። ከተለያየ ቦታ አሥር ገበቴ እጠብ። ጭቃውን ውሃ ውስጥ በእጅህ እያሸህ አፍርሰው። ከሥር ጥቁር አሸዋ ካልቀረ ዕቃህን ሰብስብ። ቀርቶም ቢጫ ካልታየበት እንዲሁ። ከታየ ያኔ ስለ ሞተር እንነጋገራለን።

ወርቅ ማን እንዳገኘ ታሪክ ይጽፋል፤ ወርቅ ፍለጋ ማን ላሙን እንዳጣ ግን አይጽፍም። የፓሻው ሠራዊትና የኖም ማሽኖች የከሰሩት አንድ ዓይነት ክስረት ነው። አሸዋውን ሳይጠይቁ ዕቃውን ቀድመው አመጡ። ገበቴ ግን መጠየቂያ ነው። ርካሽ ስለሆነ «የለም» የሚለውን መልስ ያለ ዕዳ ይቀበላል። ለደሃ ሰው ከዚህ የበለጠ መሣሪያ ምን አለ?

ጓደኛችን ትናንት ማታ ለአጎቱ ደብዳቤ ጻፈ። ሲጨርስ አነበበልን። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጤንነቱ ረዘም አድርጎ ጽፎ መጨረሻ ላይ፦ «አጎቴ፣ ላሟ ትቆይ። እኔ እስክመጣ ከደረቅ እንጨት አንድ ገበቴ ይፈልፍሉልኝ፤ ቅባት አይንካው» ይላል።