የፈረሱ ስምና የጋላቢው መዝገብ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ ከተማ ሲያከብር፣ ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዚገም፣ ከዳንግላና ከሌሎችም የአዊ ወረዳዎች የሚመጡ ጋላቢዎች ፈረሶቻቸውን በግላስና በልዩ ልዩ ጌጥ አሸብርቀው ሜዳውን ይሞሉታል። ሕዝቡም ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ዳር ዳሩን ይዞ ይመለከታል። ግልቢያው፣ ሽርጡ፣ ስግሪያውና ጉግሱ በየተራው ይታያል። ሲመሽ ሜዳው ጭር ይላል፤ ወሬው ግን በየገበያውና በየጠላ ቤቱ ይቀጥላል። ማን ቀደመ? የማን ዳማ ተሰናከለ? የተወረወረበትን ዘንግ በጋሻው የመከተ፣ ጀርባውን ያላስነካ ማን ነበር?

ይህ ወሬ የጨዋታ ትርፍ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። በመሠረቱ የቀደመው ዘመን የስፖርት ውጤት በየትም አገር መጀመሪያ የተያዘው በተመልካች አንደበት ነው፤ ወረቀት ላይ የሰፈረው ዘግይቶ ነው። ከአንደበት ወደ ወረቀት በሚሻገርበት ጊዜም የሚያዘውንና የሚጣለውን የሚመርጥ ሰው አለ። ስለሆነም የአገው ፈረሰኞችን የጥንት ውጤት ለማጥናት የተነሣ ተመራማሪ «ማን አሸነፈ?» ከማለቱ አስቀድሞ «ማን ጻፈው? ለምንስ ጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ለአብነት ያህል የውጭ ተጓዦችን ጽሑፍ መመልከት ይቻላል። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ድረስ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ አገዎች ኃይላቸውን በሙሉ ቢያሰልፉ 4000 ፈረሰኛና ብዙ እግረኛ ማውጣት እንደሚችሉ በመጽሐፉ አስፍሯል። ለጎንደር ከተማ ከብት፣ ማር፣ ቅቤና ሰም ያቀርቡ እንደነበርም ይተርካል። ይህ ቁጥር የአካባቢው ፈረሰኛነት ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ የሚመሰክር ነው። ሆኖም የተሰጠው ግምት የጦር ኃይል ግምት ነውና ፈረሰኛው በብዛቱ እንጂ በስሙ አይታወቅበትም። ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም ብዙ የደከመው ጣናን ለማጥናትና የዓባይን አካሄድ በካርታ ለማስፈር ነበር። እያንዳንዱ ጸሐፊ የመጣበትን ጉዳይ ጽፏል። ከወንዙና ከጦሩ ጎን የቆመውን ጋላቢ ግን በጋላቢነቱ ለመመዝገብ የመጣ አልነበረም።

በአገር ውስጥ የተጻፈውስ ታሪክ? እዚህ ላይ የፈረስ ስም ትልቅ ቦታ ይዟል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል ተብለው በፈረሶቻቸው ስም ይጠራሉ። የራስ መኮንን ፈረስ ስም ከባለቤቱ ዕድሜ አልፎ ተሻግሯል፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር «ቃኘው» የተባለው በእርሱ ነው። እንግዲህ በዚህ ምድር ሰውና ፈረስ አንድ ስም ተካፍለው መኖራቸው የታወቀ ልማድ ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ የተያዘው የመኳንንቱ የፈረስ ስም ነው። ሲሻ የሚያርስበትን በሬ፣ ሲሻ የሚዘምትበትን ፈረስ ራሱ ቀልቦ ያሳደገው የባንጃና የአንከሻ ገበሬም ፈረሱን በስም ይጠራ ነበር፤ በፉከራውም ያነሣው ነበር። ልዩነቱ የመኳንንቱን ስም ጸሐፊ ሲይዝላቸው የገበሬውን የያዘለት ልጁና ጎረቤቱ መሆናቸው ነው። ልጅና ጎረቤት ሲያልፉ ደግሞ ስሙም አብሮ ያልፋል። የጥናቱ አንገብጋቢነት ከዚህ ላይ ይመነጫል።

የፈረሰኞቹ ማኅበር ራሱ ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ዘመኑ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን የወረረበት፣ የጎጃም አርበኞችም በየጫካው የሚዋደቁበት ወቅት ነበር። የማኅበሩ ትውፊት በዓሉን በዓድዋ ዘመቻ ለተሠዉት ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ ያደርገዋል። ቀኑም ያለ ነገር አልተመረጠም፤ 23 በየወሩ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው፤ የዓድዋ ድል የተገኘውም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ጠላት በአገር ላይ ተቀምጦ ሳለ ጠላት የተሸነፈበትን ቀን በፈረስ ማሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ይህ ማኅበር አባላቱ በችግር የሚረዳዱበት፣ የተጣሉ የሚታረቁበት ጭምር በመሆኑ፣ የጨዋታው ታሪክ ከሕዝቡ ማኅበራዊ ኑሮ ተነጥሎ ሊጻፍ አይችልም።

ከሩቅ አገር የሚገኝ አንድ ተሞክሮ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። የአውስትራሊያ ሕግ የሚባለው የእግር ኳስ ዓይነት በሜልቦርን ከተማ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1858 ሁለት ትምህርት ቤቶች በየወገናቸው 40 ተጫዋች አሰልፈው በሦስት የተለያዩ ቀናት ተጋጠሙና አንድ ለአንድ ሆነው ተለያዩ። የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕግ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ክለቦቹ በ1877 ማኅበር እስኪያቋቁሙ ድረስም የየዓመቱን አሸናፊ የሚሰይሙት ጋዜጠኞች ነበሩ። የዚያ አገር ተመራማሪዎች የድሮ ጋዜጦችን እያገላበጡ ውጤት ሲለቅሙ አንድ ወጥመድ ይጠብቃቸዋል። ጎል 6 ነጥብ፣ ከጎሉ ምሰሶ ጎን ያለፈ ኳስ ደግሞ 1 ነጥብ ተብሎ መቆጠር የጀመረው በ1897 ነው፤ ከዚያ በፊት አሸናፊውን የሚለየው ጎል ብቻ ነበር። የጥንቱን ግጥሚያ በኋለኛው ስሌት የሚቆጥር ሰው ያልነበረ አሸናፊ ይፈጥራል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ እግር ኳስም ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ታሪክ አለው። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና፣ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአርመን፣ ከግሪክና ከኢጣሊያ ማኅበረሰቦች ቡድኖች ጋር ተሰልፎ ነበር። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ውጤቱ በአንዲት መሥመር ለዘለዓለም ተያዘ። የኳስ ውጤት ለጽሑፍ ይመቻል፤ ከተማውም ጋዜጣ ነበረው። የጉግስ ውጤት ግን በሁለት ቁጥሮች አይገለጽም። የሚሸሸው ፈረሱን እያጠማዘዘ ጀርባውን በጋሻ ሲከልል፣ የሚያሳድደው ዘንጉን ወርውሮ ለመምታት ሲሞክር፣ ብልጫው በፍጥነትም፣ በመከታም፣ በፈረስ አያያዝም ይለካል። በስግሪያም ቢሆን ሰጋር ፈረስ የሚመሰገነው በአረማመዱ ማማር ነው። ይህን ሁሉ በደቂቃና በሰከንድ ብቻ ለመመዘን መነሣት ሜልቦርን ላይ ያየነውን ስሕተት መድገም ይሆናል።

ታዲያ ተመራማሪው በምን ይመራ? አንደኛው መሣሪያ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። አንድ አዛውንት «ጠላት ከዳንግላ ከወጣ በኋላ፣ በመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ» ብለው ቢናገሩ ዓመተ ምሕረቱን አልነገሩም ተብሎ ቃላቸው ሊጣል አይገባም። የኢጣሊያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን የለቀቀው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ዘመነ ማቴዎስ ነበርና የሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ 1935 ዓ.ም. ይሆናል። አራቱ ወንጌላውያን በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለሱ፣ አንድ የታወቀ ድርጊት ከአንድ ወንጌላዊ ጋር ሲጣመር ዓመቱ ይገኛል። ሁለተኛው መሣሪያ ቋንቋው ነው። አዛውንቱ የተናገሩት በአዊኛ ከሆነ በመጀመሪያ በአዊኛ ይጻፍ፤ ትርጉሙ ይከተል። የፈረስ መልክ፣ የአረማመድ ዓይነት፣ የኮርቻና የልጓም ክፍል ሁሉ በቋንቋው የራሱ ስም አለውና በትርጉም ጊዜ የሚጠፋው ብዙ ነው። ሦስተኛው ምስክርን ከምስክር ማነጻጸር ነው። ያሸነፈው ወገን የሚተርከውን የተሸነፈው ወገን ካልሰማው፣ የተገኘው ፉከራ እንጂ ታሪክ አይደለም። ፉከራም ቢሆን ግን የሚናቅ ማስረጃ አይደለም፤ የፈረሱንና የጋላቢውን ስም ጠብቆ ያቆየው እርሱ ነውና።

ይህ ሥራ ለጥቂት ሊቃውንት የሚተው አይደለም። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ፣ በዳንግላ የሚያስተምር መምህር፣ በየወረዳው የሚገኝ የኪነት ቡድን አባል ሁሉ ሊካፈለው የሚችል ነው። ከያኒው የጉግስን ትርዒት በመድረክ ከማሳየቱ በፊት የአንድ እውነተኛ ጋላቢ ታሪክ ቢይዝ ሥራው ከጌጥነት ያልፋል። መምህሩ የታሪክ ትምህርት ሲያስተምር ተማሪዎቹ የየአያቶቻቸውን ፈረስ ስም ጠይቀው እንዲመጡ ቢያዝዝ በአንድ ወር ውስጥ ክፍሉ መዝገብ ይኖረዋል። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአንድ ደብተር ላይ ዘመኑ፣ ሜዳው፣ የጋላቢው ስም ከነአባቱ፣ የመጣበት ቤት፣ የፈረሱ ስምና መልክ፣ ጨዋታው ግልቢያ፣ ሽርጥ፣ ስግሪያ ወይም ጉግስ መሆኑ፣ በመጨረሻም ይህን የመሰከረው ሰው ስም በየዓምዱ ቢሰፍር በቂ ነው።

በመጪው ጥር 23 ሜዳው ዳር ከሚቆሙት አዛውንት መካከል በሚቀጥለው ዓመት የማይመለሱ ይኖራሉ። ደብተሩ መከፈት ያለበት ከዚያ በፊት ነው።