«ለጊዜው» ስንል የትኛውን ጊዜ ነው?

ከሐረር ተነስቶ ወደ ጅጅጋ የሚሄድ መንገደኛ ባቢሌ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀርብለት ለውዝ ነው፤ ቀጥሎ አምቦ ውኃን የሚፎካከረው የባቢሌ ውኃ። እኔም ሁለቱንም ይዤ ለአንድ ሌሊት አረፍኩ። ያረፍኩበት ቤት የመታጠቢያ ክፍል በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ በአማርኛ «ለጊዜው አይሠራም» ይላል፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛው «ቴምፖራሪሊ» ተጽፏል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙ ተበልቷል። አስተናጋጁን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት። «እኔ ስቀጠርም ነበረች፣ ጋሼ» አለኝ።

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና በውኃው ፋንታ ቃሉን ሳብላላ አደርኩ። ተማሪዎቼ «ቴምፖራሪሊ» የሚለውን ተውሳከ ግስ ሲተረጉሙ ያለ ማመንታት «ለጊዜው» ይሉ ነበር፤ እኔም ትክክል ብዬ አርሜያለሁ። አሁን ሳስበው ሁለቱ ቃላት አይተካከሉም። የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ ከላቲን የመጣ «ጊዜ» ቢሆንም የትኛው ጊዜ እንደሆነ አይናገርም። የእኛው ግን መጨረሻው ላይ «ው» አለችበት። ሰው ሲባልና ሰውዬው ሲባል እኩል አይደለም አይደል? «ለጊዜው» ያለ ሰው እኔም አንተም የምናውቀው አንድ ጊዜ አለ ማለቱ ነው። ታዲያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ የቱ ጊዜ?

ይህን ጥያቄ ያለመጠየቅ ዋጋ በዚያ መንገድ ዳር ተጽፎ ይገኛል። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጋቢት 1941 የእንግሊዝ ጦር፣ በውስጡም የናይጄሪያ ወታደሮች፣ ከጅጅጋ ተነስቶ ማርዳንና የባቢሌን በር እየሰበረ ሐረር ገባ። ጣሊያን ወጣ፤ እንግሊዝ ግን አልወጣም። በታኅሣሥ 1944 በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ኦጋዴንና «የተጠበቀው ክልል» የተባለው ስፍራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እንዲቆዩ ተደረገ። ሰበቡ ጦርነቱ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሉዓላዊነትም አይነካም ተብሏል። እንግዲህ እዚህ ላይ «ጊዜው» ይታወቃል ማለት ነው፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ! ጦርነቱ በ1945 አለቀ። ጅጅጋ የተመለሰችው በ1948 ነው። ሐውድና የተጠበቀው ክልል ደግሞ እስከ 1955 ቆዩ። ጊዜው አለቀ፤ ለጊዜው የተባለው ግን አላለቀም።

የባሰውም አለ። በ1950 ጣሊያን በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ሶማሊያን ለማስተዳደር ስትመለስ ድንበሩ አልተካለለም ነበር። እንግሊዝ አንድ መስመር አሰመረች፤ ስሙም «ጊዜያዊ የአስተዳደር መስመር» ተባለ። ኢትዮጵያና ጣሊያን ተነጋግረው ቋሚውን እስኪያሰምሩ ድረስ መሆኑ ነው። ሞግዚትነቱ በ1960 አበቃ፤ ቋሚው መስመር አልመጣም። ያቺ ሰረዝ ሰረዝ የሆነች መስመር ከሰባ ዓመት በኋላ ዛሬም ካርታ ላይ አለች። በ1964 እና በ1977 ለተነሱት ጦርነቶች ምክንያቱ እሷ ብቻ ናት አልልም፤ ያልተቋጨ ነገር ግን ነገር መሳቡ አይቀርም። ካራማራን የሚያውቅ ይህን ያውቃል።

የመንግሥታት ነገር ይሁን፤ ቃሉ የሚከብደው ሰው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ነው። በ1988 ከሐርጌሳ የቦምብ ድብደባ የሸሹ ሶማሌዎች ሐርትሼክ ላይ ለጊዜው ተጠለሉ፤ መጠለያው የተዘጋው በ2004 ነው። በ1991 የተከፈተው የቀብሪበያህ መጠለያ ደግሞ ዛሬም አለ። እዚያ ተወልደው፣ እዚያ ተድረው፣ እዚያ የወለዱ አሉ። ባቢሌም አልቀረላትም። በዚህ ስም የሚጠራ ወረዳ በኦሮሚያም በሶማሌም ክልል አለ፤ በ2017 በሁለቱ ክልሎች አዋሳኝ በተነሳው ግጭት ከሁለቱም ወገን መቶ ሺዎች ተፈናቀሉ። በሶማሌ ክልል ባቢሌ ወረዳ ያለው የቆሎጂ ጣቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን ተቀብሏል። መቼም ሸራ የሚወጠረው ለጊዜው ነው። ሸራው በቆርቆሮ ሲተካ ግን ቃሉን የሚተካው የለም።

በእርግጥ ያለዚህ ቃል መኖር አይቻልም። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ለጊዜው እኔ ዘንድ እደር ማለት ደግነት ነው። ሸራውም፣ መጠለያውም በሰዓቱ ነፍስ አድነዋል። ችግሩ ቃሉ ለተናጋሪው እፎይታ፣ ለሰሚው ተስፋ መሆኑ ላይ ነው። ተናጋሪው ለጊዜው ብሎ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ሰሚው ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ መቁጠር ይጀምራል። አንዱ ረስቶ ሌላው እየቆጠረ ስንት ዓመት ይኖራል? ለጊዜው ነው የተባለ ሰው ዛፍ አይተክልም፤ ግንብ አይሠራም፤ ልጁንም የት ሆኖ እንደሚያሳድግ እርግጠኛ አይሆንም።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ሐሳብ አለኝ። «ለጊዜው» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ፣ የሆቴል ባለቤትም ይሁን ባለሥልጣን፣ ከሥሩ ሁለት ነገር ይጨምር፤ የተጻፈበትን ቀንና ነገሩ የሚያበቃበትን ሁኔታ። ቧንቧው ሲጠገን። መንገዱ ሰላም ሲሆን። ድንበሩ ሲካለል። ያኔ ቢያንስ ቃሉ ሲበላሽ እናውቃለን።

ጠዋት ስወጣ ያን ልጅ «እስቲ ወረቀቱ ላይ ቀን ጻፍበት» አልኩት። ሳቀና «የመቼውን ልጻፍ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ለውዜን ይዤ መኪና ተሳፈርኩ።