ስለ እህል ውሃ የተጻፈ ትዝታ

የታሪክ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ጦርነቱን፥ ሹመቱንና የግብሩን ልክ በሰፊው ያገኛል፤ ሰዎቹ በዚያ ዘመን ምን ቀምሰው እንዳደሩ ግን የሚያገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሰው የራሱን ሕይወት ሲጽፍ ነገሩ ይለወጣል፤ ዘመኑን ቢረሳ የቀመሰውን አይረሳምና። በቋንቋችንም ሰውን ከሰው፥ ሰውንም ከአገር የሚያገናኘውን ዕድል «እህል ውሃ» ብለን መጥራታችን ያለ ምክንያት አይደለም።

ለዚህ ነገር ጋምቤላ ምስክር ትሆናለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፥ በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከሱዳን ጨውና ልብስ አምጥተው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። የቡናው ነገር በነጋዴ መዝገብ ተጽፎአል። አኝዋኩ በወንዝ ዳር የዘራው በቆሎና ማሽላ፥ ኑዌሩ ያለበው ወተት፥ ሁለቱም ያጠመዱት ዓሣ ግን በእንዲህ ያለው መዝገብ ቦታ የለውም። አገሪቱን ከምድጃ ዳር ሆነው ያዩ ሰዎች ትዝታ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ የደቡብ ሱዳኑ ተወላጅ አቶ ጆን ቡል ዳው ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታተመ፤ ርእሱም በእኛ ቋንቋ «እግዚአብሔር ሰለቸን» እንደ ማለት ነው። ይህን የሚሰማ ካህን ይደነግጥ ይሆናል። ነገር ግን ቃሉ መከራ የጸናበት ሰው በመከራው ሰዓት ያሰበው እንጂ የክሕደት ቃል አይደለም፤ ጻድቁ ኢዮብም የተወለደበትን ቀን ረግሞአል።

ጸሐፊው ያደጉት ከብት በሚያረባው በዲንካ ሕዝብ መካከል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. መንደራቸው በሌሊት በጦር ሲመታ ከወላጆቻቸው ተለይተው ከአንድ ጎረቤት ጋራ ወደ ኢትዮጵያ በእግራቸው ተሰደዱ። በመንገድም ነፍሳቸውን ለማቆየት ሣር አኘኩ፥ ጭቃም በሉ። በመጨረሻ በጋምቤላ ምድር ፑኝዶ ከተባለው የስደተኞች ሰፈር ደረሱ። በዚያ እናት አባት የሌላቸው ብዙ ሺህ ልጆች ነበሩ። በዲንካ ባህል ማብሰል የሴቶች ሥራ ነው፤ እነዚህ ወንዶች ልጆች ግን የተሰፈረላቸውን እህል ራሳቸው እያበሰሉ፥ እርስ በርሳቸው እየተካፈሉ አደጉ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ሰፈሩ ተበተነ። ስደተኞቹ ወደ ጊሎ ወንዝ ሲሸሹ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ከኋላ ጥይት፥ ከፊት ጎርፍና አዞ ሆነባቸው፤ ብዙዎችም በዚያ አለቁ። በሌላ ጊዜ ዓሣ የሚመግበው ወንዝ በዚያን ቀን መቃብር ሆነ። አቶ ጆን ተርፈው ኬንያ ገቡ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ደረሱ፤ የምግብ መደብሩም ብዛት አስደነቃቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የሌላውን ረኃብ እያነበቡ ደስ መሰኘት ይገባልን? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ደስታው በረኃቡ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ነውር በሆነ ነበር። ነገር ግን ሣር ያኘከው አፍ ተርፎ ታሪኩን ሲናገር መስማት ደስ ያሰኛል። ደግሞም እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ዘግቶ ወደ ማዕድ የሚቀርብ ሰው እንጀራውን እንደ ትናንቱ አይቈርሰውም። «ብዙ ሺህ ስደተኛ» የሚል ወሬ በጆሮ ገብቶ በጆሮ ይወጣል፤ የአንድ ልጅ ጕርሻ ግን ከልብ ይቀራል።

በጋምቤላ ስደተኛ ሲመጣ የተቀበሉ፥ ካላቸው በቆሎ ያካፈሉ፥ ከወንዙም ሰው ያወጡ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። እንግዳው የራሱን ጽፎአል፤ ባለቤቱ ግን ገና ብዙ አልጻፈም። መጻፍ የሚችል ልጅ ያለው ሁሉ ከአባቱና ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ፥ በዚያ ዓመት ምን በላችሁ? ለማንስ አካፈላችሁ? ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ሳይውል ሳያድር ይጻፍ።