የኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራርና ተጠያቂነት፦ ከፎገራ ሜዳ የሚቀሰም ትምህርት

የኅብረት ሥራ ማኅበር ጥንካሬ የሚለካው በመጋዘኑ ስፋት ወይም በካፒታሉ ብዛት ብቻ አይደለም። አባላቱ የመረጧቸውን መሪዎች መጠየቅ፣ መሪዎቹም ቅጥር ሠራተኛውን መቆጣጠር ሲችሉ ማኅበሩ ይጸናል። ይህ ሲጓደል ግን ሀብት ያፈራ ማኅበር እንኳ በአጭር ጊዜ ሊፈርስ ይችላል። የደቡብ ጎንደር ዞን የፎገራ ሜዳ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ሰብሉ ዘለቀ፣ አደረጃጀቱ አልዘለቀም

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጠጡት ለም መሬት ነው። የወረዳው ማዕከል ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ከተማ ነው። እንደ ቁሐር ሚካኤል ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ አርሶ አደሮች በክረምት ሩዝ ያመርታሉ፤ ሩዙ ከተነሣ በኋላም በቀሪው እርጥበት ጓያና ሌሎች ሰብሎችን ይዘራሉ።

ሩዝ በአካባቢው መመረት የጀመረው በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ሲሆን፣ ሙከራው የተካሄደው በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ነበር። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ቦታ ነው።

በወቅቱ የአምራቾች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 138/1970 መሠረት የተደራጁና ከላይ በሚወርድ መመሪያ የሚመሩ ነበሩ። በ1982 ዓ.ም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ አባላት የመለየት ዕድል ሲያገኙ፣ በአገሪቱ ያሉ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በፎገራ ግን ሩዝ በግል አርሶ አደሩ ማሳ ላይ ተስፋፍቶ አካባቢውን የአገሪቱ ዋነኛ ሩዝ አምራች አደረገው። ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ለመሆን በቃች።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አርሶ አደሩ ጥቅሙን ያየበትንና የእኔ ያለውን ሰብል ጠበቀው፤ ባለቤትነት ያልተሰማውን አደረጃጀት ግን አልተከላከለለትም።

የሕጉ መሠረት

ይህን ስሕተት ለማረም የግብርና ኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 85/1986፣ ቀጥሎም ሁሉንም ዓይነት ማኅበራት የሚያቅፈው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጡ። ሁለተኛው አዋጅ በ1996 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 402 የተሻሻለ ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል።

አዋጅ ቁጥር 147/1991 ሥልጣንን በሦስት አካላት ከፋፍሎ ነበር። የመጨረሻው የሥልጣን አካል የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ጉባኤው ሥራ አመራር ኮሚቴን ይመርጣል፤ በማናቸውም ጊዜም ሊያነሣው ይችላል። የኮሚቴው የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት ሆኖ፣ አንድ ሰው በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ተደንግጓል። የቁጥጥር ኮሚቴ ደግሞ የሥራ አመራሩን ክንውን ይከታተላል፤ ተጠሪነቱም ለጠቅላላ ጉባኤው ነው።

አንድ አባል ከተከፈለው የዕጣ ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ የተደረገውም ማኅበሩ በጥቂቶች እጅ እንዳይወድቅ ነው። ለምሳሌ 400 አባላት እያንዳንዳቸው የ1,000 ብር ዕጣ ቢገዙ ካፒታሉ 400,000 ብር ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ አባል ሊይዝ የሚችለው ጣሪያ 40,000 ብር ነው። ይህን ያህል የያዘም ሆነ 1,000 ብር ብቻ የያዘ አባል በጉባኤው ላይ ያለው ድምፅ ግን አንድ ነው። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ በ28 ሰዎች የተመሠረተው የሸማቾች ማኅበር የተከተለው መርሕ ይኸው ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ሰባት መርሖዎች ውስጥም ተካትቷል።

የአመራሩ ብቃት የሚፈተንበት ወቅት

በዩኒየኖች ዘንድ ቦርድ እየተባለ የሚጠራው ሥራ አመራር ኮሚቴ ዋነኛ ተግባሩ አቅጣጫ ማስያዝ፣ በጀት ማጽደቅና ክንውንን መከታተል ነው። የዕለት ተዕለቱን ሥራ ማከናወን የቅጥር ሥራ አስኪያጁና የሒሳብ ሠራተኛው ድርሻ ነው። ሊቀ መንበሩ ገንዘብ ተቀባይም፣ ገዥም፣ ሻጭም ከሆነ ተቆጣጣሪ የለም ማለት ነው።

በሩዝ አምራች አካባቢ ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በምርት መሰብሰቢያ ወራት ነው። አርሶ አደሩ ዕዳውን ለመክፈል ምርቱን ሲያወጣ ገበያው ይሞላል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ማኅበሩ ገዝቶ ለማቆየት ከፈለገ በምን ዋጋ፣ በማን ብድር፣ እስከ መቼ የሚሉትን ጥያቄዎች ኮሚቴው አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ መወሰን ይኖርበታል። ግዥውን ሥራ አስኪያጁ ይፈጽማል። በሚዛን የገባውን ያልተፈለፈለ ሩዝ፣ በእርጥበት የቀነሰውንና ከመፈልፈያ የወጣውን መጠን አመሳክሮ የማየቱ ኃላፊነት ደግሞ የቁጥጥር ኮሚቴው ነው። ይህ ማመሳከር ካልተደረገ የጎደለው ኩንታል በእርጥበት ይሁን በእጅ መጉደሉ አይታወቅም።

በገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራት ዘንድ አደጋው የከፋ ነው፤ የሚበደረው ገንዘብ የጎረቤት ቁጠባ ነውና። ብድር ጠያቂው የኮሚቴ አባል ወይም ዘመዱ ሲሆን ግለሰቡ ከውሳኔው ስብሰባ መውጣቱና ይኸው በቃለ ጉባኤ መመዝገቡ ተገቢ ነው። መክፈያ ጊዜው ያለፈበት ብድር መጠንም በየወሩ ለኮሚቴው መቅረብ ይገባዋል። ለአመራሩ በይሉኝታ የሚታለፍ ብድር ሌላውንም አባል ከመክፈል ያዘናጋል።

የትርፍ ክፍፍልም የአመራር ፈተና ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ፣ ለሥራ ማስፋፊያና ለማኅበራዊ አገልግሎት እንዲውል ያዝዝ ነበር። በዚህ መሠረት 200,000 ብር ያተረፈ ማኅበር 60,000 ብር አስቀርቶ 140,000 ብር ለአባላቱ ያከፋፍላል። ጭብጨባ ፈልጎ መጠባበቂያውን የሚነካ አመራር ለመጪው መጥፎ ዓመት ማኅበሩን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

የመንግሥት አካላት ድርሻ

የወረዳና የዞን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ማኅበራትን ይመዘግባሉ፣ ያሠለጥናሉ፣ ኦዲት ያደርጋሉ ወይም ያስደርጋሉ። ይህ ድጋፍ መሪ እስከ መምረጥ ከዘለቀ ግን የ1970ዎቹ ስሕተት ይደገማል።

በገጠር ማዳበሪያ ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው በአብዛኛው በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት አማካይነት ነው። አገልግሎቱ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ማኅበሩ የግብዓት ማከፋፈያ ብቻ ሆኖ ከታየ አባሉ የባለቤትነት ስሜቱን ያጣል። ጉባኤው ስለ ማዳበሪያ ኮታ ብቻ ተወያይቶ፣ ሒሳብ ሳይሰማ ከተበተነ ምልክቱ ታይቷል ማለት ነው።

ስለሆነም ማኅበርን የሚገመግም ባለሙያ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሣት ይጠበቅበታል፦

- ጠቅላላ ጉባኤው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ተሰብስቧልን?
- የኦዲት ሪፖርቱ አባላቱ በሚረዱት ቋንቋ ተነቧልን? በተገኘው ጉድለት ላይስ ምን ተወሰነ?
- የሥራ ዘመናቸውን የፈጸሙ መሪዎች በወቅቱ ተተክተዋልን?
- የቁጥጥር ኮሚቴው ደብተሩን ራሱ አይቷልን ወይስ የቀረበለትን ፈርሟል?
- ሴቶች አባላት በአመራሩ ውስጥ ድምፅ አላቸውን?

መልሶቹ በሥራ ላይ ካለው አዋጅና ከየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ጋር ተገናዝበው መታየት አለባቸው። ጉድለት ሲገኝ ማረም ያለበት በቅድሚያ የአባላቱ ጉባኤ ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ ድርሻ ጉባኤው እውነቱን አውቆ እንዲወስን ማስቻል ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የዘለቀው አርሶ አደሩ ራሱ ስለያዘው ነው፤ ማኅበራትም የሚዘልቁት በዚሁ መንገድ ነው።