የዋንጫው ሜዳና የመንገዱ ስንቅ

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ፣ አዲስ አበባን እንደ ቀለበት ከከበቧት ከተሞች መካከል የሚቈጠሩ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋራ ሸገር በተባለው ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከነዚህ ስፍራዎች ወደ ዋናው ከተማ ለመድረስ በማለዳ ተነሥቶ ታክሲ መሳፈር ይበቃል፤ ስለዚህም ስለ እግር ኳስ ጉዞ ርቀትና ወጪ የሚያማርር ሰው ከዚህ አካባቢ ይነሣል ብሎ የሚጠብቅ አይኖርም። ነገር ግን እኛ ስለዚሁ ጉዳይ ከሁሉ የጋለውን ክርክር የሰማነው በሰበታ፣ በአንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው።

ጊዜው የ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መጨረሻ ሰሞን ነበር። የሰበታ ከተማ ቡድን በ2011 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ በኋላ፣ በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ከተማና ከጅማ አባ ጅፋር ጋራ ተመልሶ ወረደ። ተከራካሪዎቹ ከፋብሪካ ሥራ በጡረታ የተሰናበቱ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት መምህር ነበሩ።

«ጋሼ፣» አለ መምህሩ፣ «ሁሉም ቡድን እኩል ከቤቱ ወጥቶ፣ እኩል ሆቴል ዐድሮ፣ በአንድ ሜዳ ከተጫወተ ማን ተበደለ ይላሉ? ድሮ እኮ አንዱ ሌሊቱን ሲጓዝ ሌላው ከቤቱ ተኝቶ ይጠብቀው ነበር።»

«ተጫዋቹስ እኩል ሆነ እንበል፣ ልጄ። እኔን ማን ቈጠረኝ? ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ፣ አልጋ ይዤ፣ አንድ ጨዋታ ለማየት የጡረታ ገንዘቤን ልጨርስ?»

«እርስዎ በቴሌቪዥን ያያሉ።»

«ብጮህ ሳጥኑ አይሰማኝም። ደግሞስ እኩል ነው ያልከው እኩል ነው ወይ? ሐዋሳ ላይ ሲሆን ሐዋሳ በቤቱ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ሲሆን ባሕር ዳር በቤቱ ነው። ሰበታ ላይ ማን መጣ?»

መምህሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። እኛም የሻያችንን ሂሳብ ከፍለን ወጣን፤ ነገሩ ግን ከኅሊናችን አልወጣም። የሽማግሌው ጥያቄ የዛሬ ብቻ ሳይሆን ከኳሳችን ታሪክ ጋራ አብሮ ያደገ ጥያቄ መሆኑን የተረዳነው ወደ ኋላ ተመልሰን ነገሩን በመረመርን ጊዜ ነው።

የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በአውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ሲጀመር የጉዞ ነገር ከቶ አልተነሣም። የተወዳደሩት ቡድኖች ሁሉ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ነበሩና። የኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ቡድን ነበሩ። በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ውድድር «የኢትዮጵያ» ተብሎ ተጠራ። ስሙ ከአገሩ ስፋት ቀድሞ መጣ ማለት ነው፤ አገሩ ወደ ስሙ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲደርስም ከሩቅ መጣ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የሐማሴንና የአካለ ጉዛይ ቡድኖች ሻምፒዮን ሆኑ። በ1950ዎቹም የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ደጋግሞ አሸነፈ፤ የዚያው ከተማ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድንም ባለድል የሆነበት ዓመት አለ። ስለነዚህ ቡድኖች ሲወራ የተጫዋቾቹ ብልሃት ይነሣል፤ ይገባቸዋልም። እኛን የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ በባቡር 470 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኋላው ፋብሪካ ያለው ቡድን ይህን መንገድ ሲጓዝ የባቡሩን ዋጋ፣ የአልጋውንና የቀለቡን ሂሳብ የሚችልለት ነበረው። ከዚያም ወዲህ ዋንጫ የወሰዱትን ስማቸውን ብቻ ብናነብ መቻል የጦር ሠራዊት ነው፣ ቴሌ የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ነው፣ መብራት ኀይል፣ ምድር ባቡር፣ ኦሜድላ እያለ ይቀጥላል። ከድሉ ጀርባ ብዙ ጊዜ የሒሳብ ሹም አለ። አንድ ትንሽ ከተማ ምን ያህል ጥሩ ተጫዋች እንዳፈራና የመንገዱን ስንቅ ባለማግኘቱ እንደ ቀረ ግን መዝገብ አይናገርም።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ቡድኖች ፋብሪካ ወይም ጦር ሠራዊት የቆመላቸው አልነበሩም፤ የከተማ ቡድኖች ነበሩ። ገንዘባቸው ይወጣ የነበረው ከከተማው አስተዳደር፣ ማለት ከውሃና ከመንገድ ሥራ ጋራ ከሚካፈለው ካዝና ነበር። ቡራዩና ሱሉልታ በከፍተኛ ሊግ በተወዳደሩባቸው ዓመታት አንድ ረጅም ጉዞ በጨመረ ቍጥር ያ ገንዘብ ከየት እንደሚቀነስ፣ በመሥሪያ ቤት በጀት ሲመደብ ያየ አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ስለ ፍርድ ስናነሣ ስለ ትልቁ ድላችንም እውነቱን መናገር ይገባናል። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ ተወዳዳሪዎቹ አራት ብቻ ነበሩ። እነርሱም ኢትዮጵያ፣ የተባበረው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ፣ ቱኒዝያና ኡጋንዳ ናቸው። ጥር 6 ቀን የኛ ቡድን ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈ። ግብፅና ኡጋንዳ ግን የተጋጠሙት ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት ነው፤ ግብፅ 2 ለ 1 ረታች። የዋንጫው ጨዋታ ጥር 13 ቀን ሆነ። እንግዲህ የኛዎቹ አንድ ሳምንት ዐርፈው፣ ጥምቀትን በቤታቸው ውለው ሲገቡ፣ እንግዶቹ በሦስተኛው ቀን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ እንደ ገና ሊሮጡ መጡ ማለት ነው። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የኛዎቹም ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 ሆነ፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ይህን የምንጽፈው ድሉን ለማሳነስ አይደለም። ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠነው ያ ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ የተነሣ ቡድን ነው፤ ዕረፍት ብቻውን ጎል አያገባም። ነገር ግን ባለሜዳ መሆን ማለት ጩኸት ብቻ አለመሆኑን እናስተውል። ባለሜዳ መሆን የቀን መቍጠሪያ ነው፤ የራስ አልጋ ነው፤ የለመዱት አየር ነው። ይህን ያህል ዋጋ ያለውን ነገር ለማን እንደሚሰጡ መነጋገር ተገቢ ነው።

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር መልሱ ቀላል ሆኖ ታየ፤ አንድ ጊዜ በኔ ሜዳ፣ አንድ ጊዜ ባንተ ሜዳ። ሁለቱም ይጓዛሉ፤ ሁለቱም ያስተናግዳሉ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዋንጫ የአዲስ አበባ ቡድኖች ተቀባበሉት፤ በ1996 ዓ.ም. ግን ሐዋሳ ከተማ ወሰደው። እያደርም ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ዓ.ም. ባለድል ሆኑ። ይህ ሥርዓት ወጪው ከባድ ቢሆንም ቡድኑን ለከተማው ሕዝብ መለሰለት። ክፉ ጎኑም አልጠፋም። በአንዳንድ ሜዳዎች ጠብ እየተነሣ፣ በአማራና በትግራይ ክልሎች ቡድኖች መካከል የሚደረጉ ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ የተወሰዱበት ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ቡድኖች ተጓዦች፣ የሁለቱም ደጋፊዎች የሌሉ ሆኑ።

ሰበታ ወደ ሊጉ የገባው በዚህ ማግስት ነው። በ2012 ዓ.ም. የከተማው ሜዳ ለውድድሩ ዝግጁ ስላልነበረ የባለሜዳነት ጨዋታዎቹን በአዲስ አበባ ስታዲየም አደረገ። ውድድሩም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. አዲስ ሥርዓት መጣ። ቡድኖች ሁሉ ወደ አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፤ ለጥቂት ሳምንታት እዚያው ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናገዱ። ለዚህ ሁለት ምክንያት ነበረ፤ አንዱ ወረርሽኙ፣ ሌላው ጨዋታው በሱፐርስፖርት በቴሌቪዥን መታየት ስለ ጀመረ ካሜራውን በየከተማው ከማዞር ይልቅ ቡድኖቹን ወደ ካሜራው ማምጣት መቅለሉ ነው። ወረርሽኙ ከበረደም በኋላ በ2014 ዓ.ም. ሥርዓቱ ቀጠለ።

መምህሩ እንዳለው በዚህ ሥርዓት ብዙው ቡድን እኩል መንገደኛ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ፋሲል ከነማ አንድም ጨዋታ በጎንደር ሳያደርግ ዋንጫውን መውሰዱ ለመምህሩ ወገን ጥሩ ምስክር ነው። ሽማግሌው ግን አልተሳሳቱም። ያስተናገዱት አምስቱም ከተሞች እያንዳንዳቸው በሊጉ ውስጥ የራሳቸው ቡድን ነበራቸውና፣ ተራው በደረሰ ጊዜ ያ ቡድን ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ወደ ጅማ በመኪና የሚወርድ ሰው በሰበታ ዋና መንገድ ማለፉ ግድ ነው። ሻምፒዮናው በከተማዋ መካከል አልፎ ሄደ፤ አልወረደም።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ለሥራ ከከተማ ስንወጣ የውሎ አበል እንጠይቃለን፤ ሲዘገይብንም እናጕረመርማለን። ደጋፊ ግን አበል የለውም።

ይህ ክርክር የኛ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ ሞላላ ኳስ በሞላላ ሜዳ፣ በእያንዳንዱ ወገን ዐሥራ ስምንት ተጫዋች ተሰልፎ የሚደረግ እግር ኳስ አለ። ሊጉ በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር የተወለደ ሲሆን፣ እንደኛው ሻምፒዮና ከጊዜ በኋላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1990 የአገሩን ስም ወሰደ። የዋንጫው ጨዋታ ግን በአሮጌው ቤቱ፣ በሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ ቀረ። በ2005ና በ2006 ለዋንጫ የደረሱት የሲድኒና የፐርዝ ቡድኖች ነበሩ፤ ከሁለቱ አንዱም የሜልበርን አልነበረም፤ ሁለቱም ግን ወደ ሜልበርን ተጓዙ። ከፐርዝ የሚመጣው ደጋፊ መላውን አገር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋርጣል። በወረርሽኙ ዘመን፣ በ2020ና በ2021 ብቻ ዋንጫው ወደ ብሪዝበንና ወደ ፐርዝ ወጣ፤ ከዚያም ተመለሰ። የሚመልሰው ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የተፈረመ ውል ነው፤ ሜዳው ከዘጠና ሺህ በላይ ሰው ይይዛልና ብዙ ገንዘብ ያስገባል። የፐርዝ ሰው «ይህ ፍርድ አይደለም» ይላል፤ የሜልበርን ሰው «ከዚህ የሚበልጥ ሜዳ ካለ አሳየኝ» ይለዋል። ቋንቋው ይለያል እንጂ የሰበታው ሻይ ቤት ክርክር ነው።

በኛ አስተያየት ክርክሩ የማያልቀው ሁለት ነገር ስለሚቀላቀል ነው። ለተጫዋቹ እኩልነት የሚሰጠው ሥርዓት ለደጋፊው አይሰጥም። ለደጋፊውም የሚሰጠው፣ ማለት በየቤቱ መጫወት፣ የትንሹን ከተማ ካዝና ያራቍታል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው ከቴሌቪዥን የሚገኘው ገንዘብ አስቀድሞ ለጋራ መንገድ ስንቅ ሲቈረጥ፣ ሩቅ የሄደውም ብዙ ሲካስ ይመስለናል። የማስተናገዱ ተራም ትልልቆቹን ከተሞች ብቻ እንዳይዞር ትንንሾቹ ከተሞች ሜዳቸውን ማሟላት አለባቸው። ይህን የመጨረሻውን ለሽማግሌው መንገር ነበረብን፤ አልነገርናቸውም።

እርሳቸው ግን ያውቁት ነበር። እኛ ለመውጣት ስንነሣ መምህሩ ዝምታውን ትቶ «ሜዳችን ቢሟላ ኖሮ እኮ ይመጡ ነበር፣ ጋሼ» ብሏቸው ነበር። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው «የኛስ ይሁን፤ የአገሩ ሜዳ መች ተሟላ?» አሉት። ነገሩ እንዲህ ነው። የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችንን ደረጃቸውን አላሟሉም ብሎ ስለ ከለከለ፣ በዚያው በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን የባለሜዳነት ጨዋታውን በሰው አገር ማድረግ ጀመረ። ግንቦት 28 ቀን በሊሎንግዌ ቢንጉ ስታዲየም ከማላዊ ጋራ በእንግድነት ተጫውቶ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሰኔ 2 ቀን በዚያው ሜዳ፣ አሁን ባለሜዳ ተብሎ፣ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ከጥር 1954 ዓ.ም. ወዲህ ስድሳ ዓመት ሆኖታል።

«ያን ቀን እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ፣» አሉ ሽማግሌው። «ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ነበር። ሊሎንግዌ ላይ ግን ሳጥኑን ቀርቤ ባየው የተቀመጠ ሰው ዐይኔ አልሞላም አለኝ። ባለሜዳ ነን ተብለናል፤ ሜዳው ግን ባዶ ነው።»

መምህሩ ሳቀ፤ ሊከፍልላቸውም ወደ ኪሱ ሲገባ «ተው፣ የዛሬው በኔ ነው፤ የቤት ባለቤት እኔ ነኝ» ብለው እጁን ያዙት።