ሐዲዱ የሚያርፍበት፣ ውኃው የሚወርድበት

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ (እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2006)፣ የድሬዳዋ ሕዝብ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ደቻቱ ሞላ። ከከተማዋ በስተደቡብ በሚገኙት የሐረርጌ ተራሮች ላይ የጣለው ዝናብ ቁልቁል ተምዘግዝጎ፣ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚኖረውን የወንዙን መውረጃ አጥለቀለቀው። በዳርቻው የነበሩትንም ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ጠራርጎ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የደረሱበት ያልታወቀውም ብዙዎች ነበሩ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉት ደግሞ መጠለያ አጡ።

ስለዚያ ሌሊት ሲነሣ ዝናቡ ከመጠን በላይ ነበር ይባላል፤ የተራራው ደን በመመንጠሩ ውኃውን የሚይዝ ነገር ጠፋ ይባላል። ሁለቱም እውነት ነው። ይሁንና እምብዛም የማይነሣ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። እነዚያ ቤቶች ስለምን በዚያ ቦታ ተሠሩ? ከምንስ ተሠሩ? ሠሪውን የሚከለክል ወይም የሚያስተምር ደንብስ ነበር ወይ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ከተማዋ ልደት መመለስ ግድ ይላል።

ሁለት የባቡር ከተሞች

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ለማሠራት ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው መድረሻ ሐረር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ ከተራራው ግርጌ ሲቃረብ ግን ዳገቱ አስቸገረ፤ ወደ ሐረር መውጣቱም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ባቡሩ ከታች ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ጣቢያ ተተከለ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለው ሰፈር በኋላ በድሬዳዋነቱ ጸና። የባቡሩ ኩባንያ ከደቻቱ በስተምዕራብ ከዚራን በቀጥታ ጎዳናዎች ቀየሰ። በማዶ ያለው መጋላ ደግሞ እንደ ነጋዴውና እንደ ነዋሪው አቅምና ልማድ አደገ። ወንዙም ሁለቱን ከተሞች የሚከፍል ድንበር ሆነ።

ከዚህ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በጎረቤት አገር ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሞ ነበር። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ የዘረጉት ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ ኪኩዩ ተራሮች ከመውጣቱ በፊት በመጨረሻው ሜዳ ላይ አረፈ፤ የዕቃ ማከማቻና የሠራተኞች ሰፈርም ተሠራ። ማሳዮች ቦታውን የሚጠሩበት ስም «ቀዝቃዛ ውኃ» የሚል ትርጉም አለው፤ ናይሮቢ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። መሬቱ ረግረጋማ ነበር። የከተማይቱ ሕይወት ገና በጀመረበት ዘመን ሐኪሞችና ሹማምንት ቦታው ለጤና የማይመች መሆኑን በመግለጽ ከተማዋ ወደ ሌላ ስፍራ እንድትዛወር አሳስበው ነበር። በ1907 አገሩን የጎበኘው የብሪታንያ የቅኝ ግዛት ምክትል ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል በጉዞ መጽሐፉ እንደጻፈው ግን ያን ጊዜ ቦታውን ለመለወጥ ጊዜው አልፎ ነበር። ከተማዋ በተቆረቆረች በስምንት ዓመቷ!

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ባቡር ዳገት ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍበት ሜዳ ይሻል። ያ ሜዳ ደግሞ ከዳገቱ የሚወርደው ውኃ ከገደል ወጥቶ የሚዘረጋበት ነው። ሐዲዱ ለመውጣት የሚያርፍበትና ውኃው ወርዶ የሚተኛበት ስፍራ አንድ ሆነ። ድሬዳዋም ናይሮቢም የተቆረቆሩት በዚህ መገናኛ ላይ ነው።

ደንብ የነበረው ለማን ነው?

መሐንዲሶቹ ውኃውን አያውቁትም ነበር ለማለት አይቻልም። ሐዲድ በሜዳ ላይ እንዲሁ አይነጠፍም። ከመሬቱ ከፍ ያለ የአፈር ድልድል ይሠራለታል፤ በላዩ ጠጠር ይነጠፋል፤ ጅረት በሚያቋርጥበት ሁሉ ውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ወይም ድልድይ ይበጅለታል። የድልድዩም ስፋትና ከፍታ የሚወሰነው በደረቁ ወራት በሚታየው አሸዋ ሳይሆን በክረምቱ ውኃ ልክ ነው። እንግዲህ በጎርፍ ሜዳ ላይ የመሥራት ዕውቀት በሁለቱም ከተሞች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ ማለት ነው። ሆኖም ዕውቀቱ ከሐዲዱ ዳር አልተሻገረም። ሐዲዱ በውኃ ቢወሰድ የሚከስረው ኩባንያው ነበር። የቀን ሠራተኛው ቤት ቢወሰድ ግን ኪሳራው በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም ነበር።

ናይሮቢ ውስጥ ይህ ልዩነት በቆዳ ቀለም ተሠመረ። ከፍታው ለአውሮፓውያን መኖሪያ ሲሆን፣ አፍሪካውያን በምሥራቅ በኩል ባለው ዝቅተኛ ሜዳ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ቅኝ አገዛዙ ካበቃ በኋላም ድሃው ወደ ናይሮቢና ወደ ማታሬ ወንዞች ዳር መውረዱን ቀጠለ። በድሬዳዋ እንዲህ ያለ የቀለም ሕግ ባይኖርም የኑሮ አቅም ተመሳሳይ ሥራ ሠራ። የወንዝ ዳር መሬት ርካሽ ነው፤ ለገበያ ቅርብ ነው፤ ለግንባታ የሚሆን አሸዋም እዚያው ነው። የኦሮምኛ ተናጋሪው ነዋሪ «ላጋ» የሚለው የደረቀ ወንዝ በበጋ መንገድም ገበያም ይሆናል። ጎርፉ ለጥቂት ዓመታት ከቀረ ደግሞ የማይመለስ ይመስላል። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ለካ ለእንዲህ ዓይነቱ ወንዝ ኖሯል።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ንብረት ከሆነ በኋላ ሌላ ጉዳይ ተጨመረ። በኢትዮጵያ ከተሞች እጅግ ብዙ ሕዝብ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነ። ኪራዩ አነስተኛ በመሆኑ ለድሃው እፎይታ ነበር። ነገር ግን የራሱ ያልሆነውን ቤት መሠረት ከፍ የሚያደርግ፣ የጭቃውን ግድግዳ በድንጋይና በስሚንቶ የሚተካ ተከራይ ከየት ይመጣል? ቀበሌውም ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ቤቶቹ እንዳረጁ በዚያው ቆዩ።

ደራሽና ሙላት

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር ማንሣት ይገባል፤ በትርጉም ሥራዬ ደጋግሞ ያጋጠመኝ ጉዳይ ነውና። በዛሬው የመሥሪያ ቤት አማርኛ ሁሉም ነገር «የጎርፍ አደጋ» ይባላል። ነባሩ ቋንቋችን ግን ይለያል። ከተራራ ተወርውሮ በድንገት የሚመጣው «ደራሽ» ነው፤ ወንዙ ወይም ሐይቁ ከፍ እያለ ከአፉ ሲፈስ «ሙላት» ነው። ይህ ልዩነት ለግንበኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በጣና ዳር፣ በፎገራ ሜዳ ሙላት የሚያሠጋው ገበሬ ወለሉን ከፍ አድርጎ ቢሠራና እህሉን ቆጥ ላይ ቢያወጣ ብዙ ጉዳት ይቀንሳል። የደቻቱ ደራሽ ግን ፋታ አይሰጥም፤ ወለል ከፍ ማድረግ ብቻውንም አይበቃውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ ወገን የቆመ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ፣ በሌላው ወገን ውኃ ከሌለ፣ እያንዳንዱን የ1 ሜትር የግድግዳ ርዝመት በግማሽ ቶን ያህል ኃይል ይገፋል። ከፍታው 2 ሜትር ሲሆን ግፊቱ ወደ 2 ቶን ይደርሳል። ውኃው በሚፈስበት ጊዜ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ግንድና ቋጥኝም ይዞ ይመጣል። ከዚህም የሚከፋው ከታች የሚሠራው ሥራ ነው። በአሸዋ ላይ የተመሠረተ ቤት ግድግዳው ከመገፋቱ በፊት የመሠረቱ ሥር ይቦረቦራል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ሲሆን ደግሞ ምርጉ ርሶ ይሟሟል፤ ማገሩ ባዶውን ይቀራል።

ስለሆነም የጎርፍ አካባቢ የግንባታ ደንብ በቅደም ተከተል ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ከወንዙ ምን ያህል ይራቅ የሚለው ነው፤ ደራሽ በሚወርድበት መሥመር ላይ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነውና። ሁለተኛው ወለሉ ከሚታወቀው ከፍተኛ የውኃ ልክ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለው ነው። ሦስተኛው መሠረቱ ከሚቦረቦረው አሸዋ በታች እስከ የት ይውረድ የሚለው ነው። አራተኛው ግድግዳው ከምን ይሠራ፣ ውኃውስ ግፊቱን እንዳያበዛ በየት ይለፍ የሚለው ሲሆን፣ የመጨረሻው ሰው በሌሊት ወደ ከፍታ የሚወጣበት መንገድ አለ ወይ የሚለው ነው። መሐንዲሶች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲሉ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ማለታቸው አይደለም፤ በማናቸውም ዓመት ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ማለታቸው ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢታሰብ ዕድሉ ከአራት አንድ ይበልጣል። አንድ ቤት ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ ይኖርበታል።

ከጎርፍ በኋላ የሚወጣ ሕግ

የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያስተምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ለኮንክሪት፣ ለብረት፣ ለእንጨት፣ ለግንብና ለመሠረት የየራሱ ክፍል ነበረው፤ ስምንተኛው ክፍል ለመሬት መንቀጥቀጥ የተመደበ ነበር። ጎርፍ ግን የራሱ ክፍል አላገኘም። ከድሬዳዋው ጥፋት ሦስት ዓመት በኋላ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጣ። አዋጁ የግንባታ ፈቃድንና ቁጥጥርን በአገር ደረጃ ሥርዓት ያስያዘ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ሕንፃዎችን በምድብ ሲከፍል፣ ከምድቦቹ ሁሉ ቀላሉ ቁጥጥር የተደረገበት «ምድብ ሀ» ተራውን ባለ አንድ ወለል ቤት የያዘው ነበር። ጎርፍ የሚወስደው ደግሞ ይህንኑ ቤት ነው፤ ወይም ከነጭራሹ ፈቃድ ያልወጣለትን ጎጆ።

በድሬዳዋ በደቻቱ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ፤ ከተፈናቀሉትም ብዙዎቹ በሌላ ስፍራ ቤት ተሠራላቸው። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ግንብ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሰው ከጀርባው ተማምኖ እንደገና ይሰፍራል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደራሹ ተመልሶ ሲመጣ በከተማዋ ዳግመኛ የሰው ሕይወት ጠፋ።

ኬንያም ከዚህ አላመለጠችም። ድሬዳዋ በተመታችበት በዚያው በ2006 የወጣው የኬንያ የውኃ ጥራት ደንብ ከወንዝ ግራና ቀኝ ከ6 እስከ 30 ሜትር ያለውን መሬት ከልክሏል። ልኩ የሚነሣውም ከተመዘገበው ከፍተኛ የጎርፍ ምልክት እንዲሆን ደንግጓል። በወረቀት ላይ ይህን የመሰለ ጥሩ ደንብ አይገኝም። ሆኖም ለዓመታት ፈቃድ ሲሰጥ ከርሞ በ2018 በናይሮቢ ወንዞች ዳር የተሠሩ ትልልቅ ሕንፃዎች ፈረሱ። በ2024 ከባዱ ዝናብ በመላ አገሪቱ ከ200 በላይ ሰዎችን ከገደለ በኋላ ደግሞ በወንዞቹ ዳር በ30 ሜትር ውስጥ ያሉ ሁሉ እንዲለቁ ታዘዘ። በማታሬ ጎርፍ ያፈናቀለውን ሰው ቡልዶዘር ደገመው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሏል ይህ ነው።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2024፣ በማይ ማሂዩ አካባቢ የሆነው ደግሞ የዚህን ጽሑፍ ታሪክ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። በአሮጌው የባቡር መሥመር ድልድል ሥር የነበረው የውኃ ማሳለፊያ በግንድና በደለል ተደፍኖ ውኃው ከጀርባው ተጠራቀመ፤ በሌሊት ድልድሉን ጥሶ ከታች በነበሩት መንደሮች ላይ ሲወርድ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐዲዱን ከውኃ ለማዳን የተሠራው ማሳለፊያ፣ የሚጠርገው ሰው ሲያጣ፣ በታች ላሉት ጥፋት ሆነ። ደንብ ጠባቂ ከሌለው እንደተደፈነ ቱቦ ነው።

በድሬዳዋም በናይሮቢም መሐንዲሱ ሊለካው የሚገባ አንድ ቀላል ነገር አለ፤ ውኃው የደረሰበት ከፍታ። ይህን የሚያሳይ ምልክት በየግድግዳው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየድልድዩ ምሰሶ ላይ ተቀርጾ ቢቆይ የቤት ሠሪው የመጀመሪያ ደንብ ይሆን ነበር። ለማንበብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግምና። በ1998 ክረምት በድሬዳዋ የተወለደ ሕፃን ዛሬ የራሱን ቤት ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ሆኗል። የዚያን ሌሊት ውኃ በዓይኑ አላየውም። መሠረት ከማስቆፈሩ በፊት ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ «ውኃው እስከ የት ደርሶ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቦታውን በእጃቸው የሚያሳዩት ዛሬ አሉ። ነገ ግን የሚያሳየው በግድግዳው ላይ የተቀረጸው ምልክት ብቻ ነው።