በሌላው አፍ አትናገር

ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አይታችሁ ታውቃላችሁ። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል። ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው አንዱ ብድግ ብሎ «አንተ አሁን ሞተሃል» ሲል ነው። ሌላው «አልሞትኩም!» ይላል። ከዚያ ጠብ ነው። የጠቡ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የእኔን ድርሻ ማን ይወስናል?

አዋቂዎች ይህንኑ ጨዋታ ኢንተርኔት ላይ ሲያመጡት ጠቡም አብሮ መጣ። ዛሬ በጽሑፍ እየተቀባበሉ ታሪክ በሚፈጥሩ የሚና ጨዋታ ማኅበረሰቦች ዘንድ ለአዲስ ገቢ ቶሎ የሚነገር አንድ ደንብ አለ፦ የራስህን ገጸ ባሕርይ እንጂ የሌላውን አትንዳ። «ሰይፌን ሰነዘርኩ» ብለህ መጻፍ ትችላለህ። «መታሁት፣ ወደቀ» ማለት ግን አትችልም። መውደቅ አለመውደቁን የሚጽፈው ባለቤቱ ነው። ነገሩ ተራ ጨዋነት ይመስላል። ደንቡ ሲጣስ ምን እንደሚከተል ግን ታሪክ መዝግቦታል።

ከሥሩ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንድ ሰው ደግሞ ታሪኩን እየመራ ይዳኛል። ክርክር ከተነሳ ዳኛው አለ። ፊት ለፊት ስለሚተያዩም የአንዱ ፊት ሲጠቁር ሌላው ያያል።

በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሮይ ትሩብሾው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት፣ ሥዕል የሌለው፣ ሁሉ ነገሩ ጽሑፍ የሆነ «መድ» የሚባል የኮምፒውተር ዓለም መሥራት ጀመረ፤ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል ቀጠለበት። እዚህ ጠረጴዛው ቀረ። ፊትም አይታይም። የጠረጴዛውን ዳኛ ቦታ የያዘው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ሒሳብ እንጂ ነውር አያውቅም።

በ1990ዎቹ መባቻ ፓቬል ከርቲስ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል «ላምዳሙ»ን ከፈተ። ላምዳሙ ውስጥ ተጫዋቹ ራሱ ክፍል ይሠራል፣ ዕቃ ይፈጥራል፣ ፕሮግራም ይጽፋል። አስተዳዳሪዎቹ «ጠንቋዮች» ይባሉ ነበር። በታኅሣሥ 1992 ከርቲስ ጠንቋዮቹ ከእንግዲህ ቴክኒኩን ብቻ እንደሚይዙ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ውሳኔ የነዋሪው እንደሚሆን አወጀ። ፍርድ ቤት ግን አላቋቋመም፤ ሕግም አልጻፈም።

ብዙም አልቆየ። በመጋቢት 1993 አንድ ሌሊት «ሚስተር ባንግል» የሚባል ተጫዋች ሰው በሞላበት ሳሎን ውስጥ አንድ ፕሮግራም ይዞ ገባ። ፕሮግራሙ ሌላው ተጫዋች ያላደረገውን እንዳደረገ አስመስሎ በሁሉም ስክሪን ላይ ይጽፋል። ባንግል በዚህ መሣሪያ የሌሎችን ገጸ ባሕርያት በጾታዊ ጥቃትና በውርደት ትዕይንት ውስጥ አስገባቸው። ተጠቂዎቹ ጽሑፉን ከራሳቸው ስክሪን መሰወር ይችሉ ነበር። ይህ ግን የራስን ዐይን እንደመጨፈን ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ማንበቡን ይቀጥላል።

ጋዜጠኛ ጁሊያን ዲቤል በዚያው ዓመት ታኅሣሥ «ቪሌጅ ቮይስ» ላይ ታሪኩን ጻፈው። ከተጠቂዎቹ አንዷ ስለ ደረሰባት ነገር ለማኅበረሰቡ ስትጽፍ እንባዋ ይወርድ እንደነበር ነግራዋለች። ገጸ ባሕርይዋ የፈጠራ ነበረች፤ እንባው ግን የእውነት ነው።

ቀናት ቆይቶ 30 ያህል ሰው ተሰበሰበ። «ቃል ብቻ ነው፣ ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ ውጡ» ያለ ነበር። «ይባረር» ያለ ነበር። «የማባረር ሥልጣንስ የማን ነው?» ያለም ነበር። ያለ ውሳኔ ተበተኑ። ከዚያ አንድ ጠንቋይ ብቻውን ወስኖ የባንግልን አካውንት አጠፋው። ከጉዞ የተመለሰው ከርቲስ በበኩሉ ነዋሪው ፊርማ አሰባስቦ ድምፅ የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘረጋ። እሱም አልዘለቀም። በ1996 ጠንቋዮቹ ቴክኒክን ከማኅበራዊ ጉዳይ መለየት እንደማይቻል ገልጸው የውሳኔ ሥልጣኑን መልሰው ያዙ።

በዚያው በ1996 ባርትል ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው፦ ማሸነፍ የሚሻ፣ ማሰስ የሚወድ፣ ወሬና ወዳጅነት የሚፈልግ፣ ሌላውን መጉዳት የሚያስደስተው። አራቱም በአንድ በር ይገባሉ። አንዱ የመጣለት ነገር ለሌላው በደል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርጫን አስቀድሞ መነጋገር ግድ ይላል። ምን ዓይነት ታሪክ ትወዳለህ? የማትነካው ርዕስ የትኛው ነው?

ይህ ሐሳብ ወደ ጠረጴዛውም ዞሯል። በ2013 ጆን ስታቭሮፖሎስ «ኤክስ ካርድ» የሚባል ነገር አስተዋወቀ። ኤክስ የተጻፈበት ወረቀት መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ታሪኩ የከበደው ሰው ይነካዋል፤ ትዕይንቱ ይታለፋል። ለምን ብሎ የሚያፋጥጥ የለም።

ደንቡ ከላምዳሙ ሌሊት ተወለደ ማለቴ አይደለም። ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ሕፃናትም ያውቁታል። ላምዳሙ ያሳየን ግን ይህን ነው፦ ዳኛው እጁን ቢሰበስብ፣ አንድ ሰው ብቻውን ቢፈርድ፣ ሕዝብ ድምፅ ቢሰጥ፣ ሁሉም ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ቀድሞ የሚደርሰው ጨዋነት ነው። ጨዋነት ደግሞ ይጻፋል፣ ይነገራል፣ ሰው ከመግባቱ በፊት ይሰጠዋል።

ይህ የተጫዋቾች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ እዚሁ ቴሌግራም ላይ ዙሪያውን ይመልከት። በሰው ስምና ፎቶ አካውንት ከፍቶ ያላለውን ማናገር፣ ስክሪንሾት ፈብርኮ «እንዲህ ብሏል» ማለት የባንግል መሣሪያ ነው። «ቃል ብቻ ነው» የሚለው መከላከያም ያው የ1993ቱ ነው።

ግሩፕ የምታስተዳድሩ ወዳጆች፣ የግሩፓችሁ የመጀመሪያ ደንብ ምን ይላል?